የብስክሌት ነጂዋ የፀሐይ መነጽር፤ ከጥቁረቱ በፊት መከላከያው

የፀሐይ መነጽር በብዙዎቻችን ዘንድ ለረጅም ጊዜ የጌጥ ዕቃ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው እንደ ኩራተኛ የሚቆጠርበት ጊዜም ነበር። ይሁን እንጂ በየቀኑ በብስክሌት ወደ ሥራ ለምትሄድ፣ ልጇንም ከኋላ አስቀምጣ ትምህርት ቤት ለምታደርስ እናት መነጽር ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። በተለይም ያለ ሐኪም መነጽር ሩቁን አጥርታ ማየት የማትችል ከሆነች ጉዳዩ ከዓይን ጤና አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

እንደሚታወቀው በባሕር ዳርና በሐዋሳ ብስክሌት የቆየ መጓጓዣ ነው። የከተሞቹ መንገድ ሜዳ በመሆኑ ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ይገለገልበታል። በአዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ አንዳንድ መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት የሚለቀቁባቸው ቀኖች ተጀመሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት በታደሱ መንገዶች ዳር ለብስክሌት የተለዩ መስመሮች ተሠርተዋል። በመሆኑም ከዚህ ቀደም ብስክሌትን ያላሰቡ እናቶችና ሠራተኞች ዛሬ ስለ መግዛቱ ቢመካከሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

ብስክሌት ሲገዛ ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑና ስለ ኮርቻው ይጠየቃል። መንገዱን ስለሚያየው ዓይን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን በሐኪም ትእዛዝ የሚሠራ የፀሐይ መነጽር ለብስክሌት ሲገዛ ልብ ሊባል የሚገባውን እንመለከታለን።

ጥቁር መሆኑ ብቻውን ለምን አይበቃም?

የፀሐይ ብርሃን ዓይናችን የሚያየውም የማያየውም ክፍል አለው። ፊታችንን የሚያስቋጥረንና ዓይናችንን የሚያስጨፍነን የሚታየው ብርሃን ነው። ቀስ በቀስ የሚጎዳን ግን አልትራቫዮሌት የተባለው የማይታይ ጨረር ነው። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ አይሰማም፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተጠራቀመ ከዓመታት በኋላ ይገለጣል። የሕክምና ጠበብት እንደሚያስረዱት ይህ ጨረር ለዓይን ሞራ መምጣት ከሚረዱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ከነጩ የዓይን ክፍል ተነሥቶ ወደ ብሌኑ አቅጣጫ እንደ ሥጋ የሚያድገውም ነገር በፀሐይ፣ በነፋስና በአቧራ በሚውሉ ሰዎች ላይ አዘውትሮ ይታያል።

የአገራችን አቀማመጥም ጉዳዩን ያከብደዋል። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ3 እና በ15 ዲግሪ መካከል የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ከአናታችን በላይ ቀጥ ብላ ታልፋለች። በአዲስ አበባ ይህ የሚሆነው በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ማብቂያ ግድም ነው። ከዚህም ሌላ በከፍታ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በዚያው ዲግሪ ላይ ካለ የባሕር ዳርቻ ይልቅ በከተማችን የሚወርደው ጨረር ከአምስት አንድ እጅ የሚበልጥ ተጨማሪ አለው ማለት ነው። የደጋው አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ «ፀሐዩ ለስላሳ ነው» ብሎ መዘናጋት ስሕተት ነው። ጨረሩ ሙቀት አይደለምና በብርድም ይመታል፤ ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋል።

እንግዲህ ብርሃንን ማደብዘዝና ጨረርን መከልከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። መነጽሩ የሚጠቁረው በቀለም ነው፤ ጨረሩን የሚከለክለው ግን ሌንሱ የተሠራበት ነገር ወይም በሌንሱ ላይ የሚደረገው ልዩ መከላከያ ነው። ስለሆነም ጥቁር ሆኖ ጨረር የሚያሳልፍ መነጽር ይኖራል፤ እንደ ውኃ የጠራ ሆኖ ጨረሩን ሙሉ በሙሉ የሚከለክልም ይኖራል። እንዲያውም መከላከያ የሌለው ጥቁር መነጽር ከባዶ ዓይን የባሰ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም በጨለማ ውስጥ ብሌን ይሰፋል፤ ዓይንም መጨፈኑን ይተዋል፤ በዚህ ጊዜ ጨረሩ የሰፋ በር ያገኛል።

በመነጽሩ ላይ «ዩቪ 400» የሚል ጽሑፍ ቢኖር እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ይከለክላል ማለት ነው፤ መፈለግ ያለበትም ይኸው ነው። ነገር ግን ተለጣፊ ወረቀት ማንም ሊያሳትመው የሚችል በመሆኑ በእርሱ ብቻ አይታመኑ። አንዳንድ መነጽር ቤቶች ሌንሱ የሚያሳልፈውን ጨረር የሚለካ መሣሪያ አላቸው። «እባክዎ ይለኩልኝ» ብሎ መጠየቅ የገዢ መብት ነው። መሣሪያው ከሌለ ሐሰተኛ ብር ለመለየት የሚያገለግለውን ሰማያዊ መብራት በመጠቀም ግምታዊ ሙከራ ማድረግ ይቻላል። በመብራቱ ሲታይ የሚያበራውን የብር ምልክት ያዩና፣ ቀጥሎ በመብራቱና በብሩ መካከል ሌንሱን ያስገቡ። ምልክቱ ማብራቱን ቢተው ወይም እጅግ ቢደበዝዝ ሌንሱ ጨረሩን እየያዘ ነው ለማለት ያስችላል። ሙከራው ልኬትን አይተካም፤ መብራቱንም ወደ ዓይን ማዞር ፈጽሞ አይገባም።

መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ግዢ

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት እንዳሳየው ለዓይነ ስውርነት ትልቁ ምክንያት የዓይን ሞራ ሲሆን ድርሻውም ግማሽ ያህል ነው። ዕይታቸው ከደከመባቸው ሰዎች መካከል ደግሞ ከሦስት አንዱ ያህል የተቸገረው በመነጽር ሊስተካከል በሚችል ጉድለት ነው። ይህም ሲባል ብዙ ሰው ሕመም ሳይኖርበት፣ መነጽር ባለማድረጉ ብቻ ዓለምን በጭጋግ ውስጥ እያየ ይኖራል ማለት ነው።

ይህ ጉድለት በብስክሌት ላይ ምን እንደሚያስከትል በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ ነጂ በአንድ ሴኮንድ 4 ሜትር ያህል ትሄዳለች። በመንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ከ20 ሜትር ካየችው ፍሬን ለመያዝና ከኋላ የሚመጣ መኪና መኖሩን ለማረጋገጥ 5 ሴኮንድ ያህል ጊዜ አላት። ያንኑ ጉድጓድ ከ6 ሜትር ካየችው ግን ያላት ጊዜ አንድ ሴኮንድ ተኩል አይሞላም። ስለዚህ ሩቅ ለማየት የምትቸገር ሴት የሐኪም መነጽሯን አውልቃ ከገበያ የገዛችውን ተራ የፀሐይ መነጽር ብታደርግ፣ ከጨረሩ ብትድን እንኳ ጉድጓዱ ይጠብቃታል። ሁለቱን በአንድ የሚያጣምር መነጽር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከዚህም የተነሣ ግዢው የሚጀመረው ከሱቁ ሳይሆን ከምርመራው ነው። በዓይን ሐኪም ወይም በሙያው በሠለጠነ ኦፕቶሜትሪስት ዘንድ መመርመር ይገባል። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ማዘዣ ይዞ አዲስ መነጽር ማሠራት ገንዘብን ማባከን ሊሆን ይችላል፤ ዕይታ በዕድሜ ይለወጣልና።

እናቶች በተለይ ሊያስታውሱት የሚገባ ነገር አለ። በእርግዝና ወራት በሰውነት ውስጥ በሚታየው ለውጥ የተነሣ ዕይታ ለጊዜው ሊለዋወጥ ይችላል። ስለሆነም አጣዳፊ ካልሆነ በቀር አዲስ መነጽር ለማሠራት ከወሊድ በኋላ ጥቂት ሳምንታት መቆየት ይመረጣል። በእርግዝና ጊዜ ዕይታ በድንገት ቢደበዝዝ ወይም ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ቢታይ ግን የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ የግድ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸውም ስኳራቸው ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰሞን ቢመረመሩ ልኩ ይሳሳታል፤ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ መመርመር ይሻላቸዋል።

ከምርመራው በኋላ የማዘዣውን ወረቀት ይጠይቁ። በወረቀቱ ላይ ለቀኝና ለግራ ዓይን በመደመር ወይም በመቀነስ ምልክት የተጻፈው ቁጥር፣ የዓይን መንሸዋረር ሳይሆን የዓይን ፊት ያልተስተካከለ ክብነት ካለም የእርሱ መጠንና አቅጣጫ ተመዝግቦ ይገኛል። ከሁሉም የሚረሳው በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህ በሚሊሜትር የሚለካ ሲሆን የሌንሱ መካከል ከብሌኑ ፊት ለፊት እንዲውል ያደርጋል። ርቀቱ ሳይለካ የተሠራ መነጽር ራስ ያሳምማል፤ መሬቱንም ያዘነበለ ያስመስላል። ወረቀቱን በቤት ማስቀመጥም መነጽሩ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ሌላ በፍጥነት ለማሠራት ይጠቅማል።

ስለ ሌንሱ

ለብስክሌት ከተራ ጠርሙስ የተሠራ ሌንስ አይመከርም። ሰው ቢወድቅ ወይም የመኪና ጎማ ጠጠር ቢያስፈነጥር ስባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል። ተራው የፕላስቲክ ሌንስ ቀላልና ዋጋውም መጠነኛ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ጥቁረት ለማቅለምም ይመቻል፤ ነገር ግን ጨረሩን ሙሉ በሙሉ እንዲከለክል ልዩ መከላከያ እንዲደረግበት ማዘዝ ያስፈልጋል። ፖሊካርቦኔት የተባለው ሌንስ ምቱን እጅግ የሚችል ሲሆን ጨረሩንም በባሕርይው ይከለክላል። ጉድለቱ በቀላሉ መጫሩ ስለሆነ ጭረት መከላከያ ቅብ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በመንገድ ላይ ለሚውል ሰው ዋጋው ጥቂት ቢበልጥም ፖሊካርቦኔት የተሻለ ነው።

የጥቁረቱ መጠን ደግሞ ከ0 እስከ 4 ባለው ቁጥር ይገለጻል። በብዙ መነጽሮች እጀታ የውስጥ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። 0 የተባለው ነጭ ወይም ነጭ ሊባል የሚችል ነው። 2 ቁጥር ከ100 እጅ ብርሃን ከ18 እስከ 43 እጁን፣ 3 ቁጥር ከ8 እስከ 18 እጁን ያሳልፋል። በደጋው ፀሐይ ቀን ቀን ለሚነዳ 3 ቁጥር ተስማሚ ነው፤ ጧት ወጥቶ ዛፍ በበዛበትና ጥላና ፀሐይ በሚፈራረቅበት መንገድ ለሚሄድ 2 ቁጥር ይበቃል። 4 ቁጥር ከ3 እስከ 8 እጅ ብቻ የሚያሳልፍ ስለሆነ መኪና ለመንዳትም ሆነ በመኪና መካከል በብስክሌት ለመሄድ አይሆንም። ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለሚታየው ብርሃን ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ የጨረሩ መከላከያ ለብቻው ይጠየቃል።

ቀለሙን በተመለከተ ግራጫው ቀለሞችን እንዳሉ ያሳያል፤ ቡናማው ጉድጓዱንና እብጠቱን ከአስፋልቱ ለመለየት ይረዳል። ሁለቱም የትራፊክ መብራትን አያዛቡም። ደማቅ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ወይም ቀይ ሌንስ ግን ለፎቶግራፍ ቢያምርም ለመንገድ አይመረጥም። ፖላራይዝድ የተባለው ከእርጥብ አስፋልትና ከመኪና መስተዋት የሚመጣውን ነጸብራቅ በደንብ ይቀንሳል። ሆኖም የስልክን ገጽ አንዳንዴ ያጠቁራል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ዘይት ወይም ውኃ በብልጭታው የሚታወቅ ስለሆነም ብልጭታው ሲጠፋ አደጋውን ሊሰውር ይችላል። በክረምት በብስክሌት የሚሄድ ሰው ይህን አስቦ ይምረጥ።

ማታ ሲመጣስ?

በሐኪም ትእዛዝ የተሠራ የፀሐይ መነጽር ከተራው የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ዕይታው ደኅና የሆነ ሰው ሲመሽበት ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። ያለ መነጽር የማያይ ሰው ግን ምርጫ የለውም። ቢያደርገው ይጨልምበታል፤ ቢያወልቀው ይደበዝዝበታል። በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ከሥራ የወጣች እናት ገበያ ጎራ ብላ ሽንኩርትና ዳቦ ገዝታ ቤቷ ሳትደርስ ሊመሽባት ይችላል።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ነጩን የሐኪም መነጽር ሁልጊዜ በጠንካራ ማኅደር አድርጎ በቦርሳ መያዝ ነው። ሁለተኛው ፀሐይ ሲያገኘው የሚጠቁር፣ ከፀሐይ ሲወጣ የሚነጣ ፎቶክሮሚክ የተባለ ሌንስ ማሠራት ነው። ይህ ሌንስ የሚጠቁረው በአልትራቫዮሌት ጨረር ስለሆነ ለብስክሌት ይስማማል፤ የሚከልለው የመኪና መስተዋት የለምና። ለመጥቆር አንድ ደቂቃ ያህል ሲበቃው ለመንጣት ግን በርከት ያሉ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ስለዚህ ከብርቱ ፀሐይ ወደ መተላለፊያ ዋሻ ወይም ወደ ድልድይ ሥር ሲገባ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። በዓመታት አገልግሎትም እየደከመ ስለሚሄድ እንደ መጀመሪያው መጥቆሩን እየተመለከቱ መለወጥ ይገባል።

የቤትና የሥራ ቦታ አቀማመጥም ሊታሰብ ይገባል። ቤቷ በምዕራብ፣ ሥራዋ በምሥራቅ የሆነ ሠራተኛ ጧት የምትወጣዋን፣ ማታ የምትጠልቀዋን ፀሐይ ፊት ለፊት ትጋፈጣለች። በተቃራኒው የምትኖረው ግን በሁለቱም ጊዜ ፀሐይ ከጀርባዋ ነው። የፊተኛይቱ ከመነጽሩ ሌላ ጥላ ያለው ቆብ ወይም ክንፍ ያለው ሄልሜት ያስፈልጋታል። ለኋለኛይቱ የሚያስፈራት ሌላ ነው፤ ከፊቷ የሚመጣው ሾፌር ፀሐይ ስለሚጋርደው ላያያት ይችላል፤ ስለዚህ ደማቅ ልብስ ትልበስ።

ስለ ፍሬሙ

ፍሬም የሚመረጠው በመስተዋት ፊት ቆሞ በማማር ብቻ አይደለም። ብስክሌት ላይ ነፋስ ከፊትም ከጎንም ይገባል፤ አቧራ፣ ትንኝና ጠጠርም ከእርሱ ጋር ይመጣል። በመሆኑም ቅንድብን የሚሸፍን፣ በጎንም ጥቂት የሚታጠፍ ሰፋ ያለ ፍሬም ይመረጣል። ከጉንጭ ጋር ሙሉ በሙሉ የሚጣበቅ ከሆነ ግን ዳገት ሲወጣ ወይም ለትራፊክ መብራት ሲቆም በላብ ስለሚደፈን ትንሽ አየር ማስገቢያ ሊኖረው ይገባል።

ለስፖርት ተብለው የሚሠሩት፣ ፊትን ዙሪያውን የሚያቅፉ መነጽሮች ለሁሉም ሰው ማዘዣ አይሆኑም። ቁጥራቸው በመደመርም ሆነ በመቀነስ ከ4 የሚያልፍ ሰዎች በእንዲህ ዓይነቱ እጅግ የጎበጠ ፍሬም ላይ ሌንስ ቢያሠሩ ጠርዙ ሊወፍር፣ በጎን በኩል የሚታየው ነገርም ሊጣመም ይችላል። ይህን ለማስተካከል ሌንሱ በልዩ ስሌት መሠራት አለበት። መነጽር ቤቱ ይህን የማይሠራ ከሆነ መጠነኛ ጉብጠት ያለው ተራ ፍሬም መምረጥ ብልህነት ነው። ሌላው ዘዴ ከጥቁሩ የስፖርት መነጽር በስተ ውስጥ የሐኪሙን ሌንስ የሚይዝ ትንሽ ፍሬም የሚሰካበትን ዓይነት መግዛት ነው። ቁጥሩ ሲለወጥ የሚለወጠው የውስጡ ብቻ ይሆናል። በነጩ መነጽር ላይ የሚቆነጠጥ ጥቁር ሌንስም አለ፤ ርካሽና ምቹ ነው፤ ነገር ግን ኮረኮንች መንገድ ላይ እንዳይወድቅ በጥብቅ የሚይዝ መሆን አለበት።

በዓይን ላይ የሚለጠፈውን ኮንታክት ሌንስ አድርጎ ከላይ ተራ የፀሐይ መነጽር ማድረግም ይቻላል። ይህ ግን ንጽሕናን አጥብቆ ይጠይቃል። እጅ ሳይታጠቡ መንካት፣ በቧንቧ ውኃ ማጠብ ወይም አድርጎት መተኛት ከባድ የዓይን ቁስለት ሊያመጣ ይችላል። አቧራ በበዛበት መንገድ ለሚመላለስ ሰው መነጽሩ ይቀላል።

ፍሬሙን ሲሞክሩ በመንገድ ላይ እንደሚሆኑት ሆነው ይሞክሩ። ሹሩባ የተሠራች ወይም ሻሽ ያሰረች ሴት የመነጽሩ እጀታ ከጆሮዋ በላይ ከፍ ስለሚል በሱቅ ውስጥ ልክ የነበረው መንገድ ላይ ይንሸራተታል። ሄልሜቱንም ይዞ መሄድና አብሮ ማድረግ ይገባል። ከዚያም ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ራስን ግራና ቀኝ መነቅነቅ ነው። መነጽሩ ካልተነቃነቀ ልክ ነው፤ ከተንሸራተተ ባለሙያው እጀታውን በሙቀት አጥፎ እንዲያስተካክለው ወይም ከአፍንጫ ላይ የሚያርፈው ጎማ እንዲደረግበት ይጠይቁ። የሄልሜቱ ማሰሪያ ከሥር፣ የመነጽሩ እጀታ ከላይ ቢሆን ለማውለቅ ይቀላል።

ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆነና ባይፎካል የሚያደርጉ ሰዎችም ልብ ይበሉ። የታችኛው የሌንሱ ክፍል ለንባብ የተሠራ በመሆኑ በእርሱ በኩል የፊት ጎማውንና ከጎማው ፊት ያለውን መሬት ሲያዩ ይደበዝዝባቸዋል። ለብስክሌት የሚሠራው የፀሐይ መነጽር የሩቅ ብቻ ቢሆን ይሻላል፤ ጽሑፍ ለማየት ሲፈልጉ ቆመው መነጽር መቀየር ይችላሉ። የግድ ካስፈለገም የንባቡ ክፍል ከተለመደው ዝቅ ብሎ እንዲሠራ ለባለሙያው ማስረዳት ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ካልበቃስ?

የወር ደመወዝ በልጆች ምግብ፣ በቤት ኪራይና በትምህርት ቤት ወጪ የሚያልቅበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለሆነም ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልተገኘ ቅደም ተከተል ማውጣት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ቁጥር ያለውና ጨረር የሚከለክል ነጭ መነጽር ነው። ይህ ቀንም ማታም ያገለግላል። ከእርሱ ጋር ጥላ ያለው ቆብ ቢደረግ ወደ ዓይን የሚገባውን ጨረር በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ በዚያው መነጽር ላይ የሚቆነጠጥ ጥቁር ሌንስ ይጨመራል። ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ሙሉ የፀሐይ መነጽር ይሠራል። ለዚህም አዲስ ፍሬም መግዛት ግዴታ አይደለም። ጠንካራ የሆነ አሮጌ ፍሬም በቤት ካለ እርሱን ወስዶ አዲስ ሌንስ ማስገባት ይቻላል።

ማድረግ የማይገባው ግን የሌላ ሰው የሐኪም መነጽር መዋስ ነው። የባል መነጽር ለሚስት፣ የእኅት ለእኅት አይሆንም። ከመንገድ ዳር የተገዛ፣ መከላከያ የሌለው ጥቁር መነጽርም ዋጋው ርካሽ ቢሆን ገንዘብ ማዳን አይባልም።

ከኋላ ያለው ልጅ

እናት ዓይኗን ስትጠብቅ ከኋላዋ የተቀመጠውን ልጅ መርሳት የለባትም። የልጆች የዓይን ሌንስ ከአዋቂዎች ይልቅ የጠራ ስለሆነ ወደ ዓይናቸው ውስጥ የሚዘልቀው ጨረር ይበልጣል። ለልጅ የመጫወቻ መነጽር መግዛት ተገቢ አይደለም፤ እንደ ወላጁ ሁሉ ጨረር የሚከለክልና የማይሰበር መሆን አለበት። ልጁ በክፍል ውስጥ ሰሌዳውን ለማየት የሚጠጋ፣ ዓይኑን የሚያጨነቁር ወይም ራሱን የሚያዘነብል ከሆነ መነጽር ሳይገዛ በፊት ይመርመር። ልጅ ሁልጊዜ እንዲያ እያየ ስላደገ ዓለም ለሁሉም እንዲሁ ደብዛዛ ይመስለዋልና ራሱ «አይታየኝም» ብሎ ላይናገር ይችላል።

አያያዝ

መነጽር በአግባቡ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል። ከመንገድ ሲገቡ ደረቁን በነጠላ ጫፍ ወይም በቀሚስ መጥረግ የተለመደ ቢሆንም በሌንሱ ላይ ያረፈው አቧራ እንደ አሸዋ ወረቀት ይጭረዋል። በመጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በጣት ቀስ ብሎ ማሸት፣ ከዚያም በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ሌንሱን ወደ ታች ደፍቶ አለማስቀመጥ፣ በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ አለመተው፣ ሲያደርጉና ሲያወልቁም በሁለት እጅ መያዝ ይገባል። በጉዞ ላይ አቧራ ዓይን ውስጥ ቢገባ አለማሸት፣ ዳር ይዞ ቆሞ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ሕመሙ ወይም መቅላቱ ካልተወ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም አንባቢዎቻችን ወደ መነጽር ቤት ሲሄዱ አራት ጥያቄዎችን ይዘው እንዲሄዱ እንመክራለን። ማዘዣው የቅርብ ጊዜ ነውን? ሌንሱ ጨረሩን እስከ 400 ናኖሜትር ይከለክላልን? ቢወድቅ አይሰበርምን? ሲመሽ በምን አያለሁ? አራቱን በትክክል የመለሰ ባለሙያ ካገኙ በኋላ የፍሬሙን ቀለምና ማማር መምረጥ ደግሞ የራስዎ ፈንታ ነው። መነጽሩ ደርሶ ሲረከቡም ከሱቁ ደጃፍ ቆመው የሩቁን ታርጋ ያንብቡ፤ ወደ ታች አይተው መሬቱ ቀጥ ብሎ እንደሚታይዎ ያረጋግጡ። የተጣመመ ወይም የራቀ ከመሰለዎት ሳይወስዱት እንደገና ይለካ። ብስክሌቱ ላይ ከወጡ በኋላ ከሚታወቅ በሱቁ ደጃፍ ቢታወቅ ይሻላል።